የመካከለኛው ቅስት፤ የአማርኛ ድረ ገጽ ድንበር የተሻገረበት ታሪክ

በምሥራቅ ጎጃም ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ላይ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ አለ። ሕዝቡ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ መካከለኛው ቅስት ስለ ፈረሰ፣ መንገደኛው ከዳርና ከዳር የቆሙ ሰዎች በሚይዙት ገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በሁለቱም ወገን ያለው ግንብ ቢጸናም፣ መካከሉ በመጉደሉ ብቻ ድልድዩ አገልግሎቱን አጣ። የአማርኛ ድረ ገጽ ወደ ውጭ አገር አንባቢ ያደረገው ጉዞም እንዲሁ ያለ ጉድለት ገጥሞት ነበር።

ከብቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም የትምህርት ደብሮች ሁሉ፣ መጽሐፍ ማለት ብራና ነበር። ብራናውን ያየ ፊደሉንም ያያል፤ ቅርጹና መልእክቱ አይለያዩም። ግእዝ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ሲታተም፣ የኰሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ከነፊደሉ በወረቀት ላይ ተጓዘ። ኮምፒዩተር ግን የሚልከው ቅርጽን ሳይሆን ቍጥርን ነው። ላኪና ተቀባይ «ይህ ቍጥር የዚህ ፊደል ነው» ብለው አስቀድመው ካልተስማሙ፣ መስመሩ ቢዘረጋም ጽሑፉ አይደርስም።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በ8 ቢት የሚሠራው የቀድሞው ሥርዓት 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ የእነዚህም እኩሌታ አስቀድሞ ለላቲን ፊደልና ለመቈጣጠሪያ ምልክት ተይዞ ነበር። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው ጨርሶ አይበቃም። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ የሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደላቱን በራሱ ፈቃድ በላቲን ቦታ ላይ ደለደለ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ ሲከፈት መስመሩ ተገኘ፤ የጋራው ቍጥር ግን ገና አልነበረም። ከሞጣ ወይም ከብቸና ወጥቶ በዋሽንግተን የሚኖር ሰው የአገሩን ጽሑፍ ለማንበብ የዚያኑ ገጽ ፎንት በኮምፒዩተሩ ላይ መጫን ነበረበት፤ ይህን ካላደረገ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ብቻ ይታየዋል።

አንዳንዶች መፍትሔ ያደረጉት ጽሑፉን እንደ ሥዕል መላክ ነበር። ሥዕል በእርግጥ ድንበር ይሻገራል፤ የሰባራ ድልድይ ፎቶግራፍ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ድልድዩን የጠገነው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት እንዲቋቋም ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን የጽሑፍ ሥዕል በዘገምተኛው የስልክ መስመር ላይ ከባድ ነበር፤ በውስጡም ቃል መፈለግ አይቻልም።

የጐደለው ቅስት የቆመው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። በዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ 345 ቦታ ተሰጠው። «ሀ» በማንኛውም አገር 4608፣ «ለ» 4616 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሰባት ቤት ጉራጌን፣ ብሌንንና መኤንን የመሳሰሉ ቋንቋዎች የሚገለገሉባቸው ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። ሆኖም የቍጥሩ መወሰን ብቻውን አልበቃም፤ ፊደሉ በአንባቢው መሣሪያ ላይ አስቀድሞ መገኘት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ በመምጣቱ አንባቢው ፎንት ከመፈለግ ዐረፈ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የአማርኛ አገልግሎቱን በኢንተርኔት ሲጀምር፣ አንባቢዎቹን ፎንት ጫኑ ማለት አላስፈለገውም።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው ባልደረቦች የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ድረ ገጽን ወደ ሌላ አገር የሚያደርሰው የገጹ ውበት ወይም የመስመሩ ስፋት ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት በዓይን የማይታየው የጋራ ደረጃ ነው። ሥራውም ገና አላለቀም። ከዩኒኮድ በፊት በልዩ ልዩ የፊደል ድልድል የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ጥናቶችና ጋዜጦች ዛሬም በየቢሮው ዲስክ ውስጥ አሉ። ድልድሉን የሚያውቁት ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ወደ ጋራው ቍጥር ካልተመለሱ፣ እንኳን ለባዕድ አገር አንባቢ ለጻፏቸው መሥሪያ ቤቶችም የማይነበቡ ይሆናሉ።