የሰዓት ምርት ወደ ውጭ አገር መሸጋገርና በጥራትና በዋጋ ላይ ያለው ተጽዕኖ

በእጅ ሰዓት ላይ የሚጻፍ የአገር ስም ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ በዚያ አገር ለመሠራቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ማሽኑ በአንድ አገር፣ ቀፎውና ማሰሪያው በሌላ አገር ተመርተው በሦስተኛ አገር ሊገጣጠሙ ይችላሉ። አሠራሩ በጥራትና በዋጋ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለመረዳት የስዊዘርላንድ ተሞክሮ ዋነኛ ማሳያ ነው።

ስዊዘርላንድ በሚሞሉ ሰዓቶች የዓለምን ገበያ ለረጅም ጊዜ መርታለች። የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ "አስትሮን" የተሰኘውን የኳርትዝ ሰዓት በ450 ሺህ የን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በጃፓንና በሆንግ ኮንግ የተስፋፋው የጅምላ ምርት የኳርትዝ ሰዓትን ዋጋ በእጅጉ ቀነሰው። በዚህም ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው የስዊዘርላንድ የሰዓት ሠራተኞች ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ገደማ አሽቆልቁሏል።

ይሁን እንጂ ዋጋን ለመቀነስ ምርትን ወደ ውጭ መውሰድ ብቸኛው አማራጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ የቀረበው "ስዋች" የክፍሎቹ ብዛት ወደ 51 ዝቅ ተደርጎና ግጣሙ በመሣሪያ እንዲከናወን ተደርጎ እዚያው ስዊዘርላንድ በርካሽ ዋጋ ሊመረት ችሏል።

በሌላ በኩል በርካታ ኩባንያዎች ቀፎን፣ የቁጥር ገጽንና ማሰሪያን የሰው ጉልበት ርካሽ ከሆነባቸው የእስያ አገሮች ያስመጣሉ። ይህ ወጪን ቢቀንስም በራሱ ጥራትን አያጓድልም። ጥራትን የሚወስኑት የጥሬ ዕቃው ዓይነት፣ የልኬቱ ትክክለኛነትና የቁጥጥሩ ጥብቅነት ናቸው። ጥራት የሚጓደለው ወጪን ለመቀነስ ሲባል እነዚሁ ሲላሉ ነው።

የስዊዘርላንድ መንግሥት ገዢው እንዳይሳሳት በማሰብ "በስዊዘርላንድ የተሠራ" የሚለውን መለያ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በደንብ ይቆጣጠራል። ከ2017 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት፣ ከሰዓቱ የማምረቻ ወጪ ቢያንስ 60 በመቶው በአገሪቱ ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት። ማሽኑም የስዊዘርላንድ ሆኖ፣ ቀፎ ውስጥ የሚገባውና የመጨረሻ ፍተሻው የሚደረገው በዚያው አገር እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል። ቀሪው ወጪ ግን በሌላ አገር ሊፈጸም ይችላል።

መለያው የምርቱን መገኛ እንጂ የትክክለኛነቱን ደረጃ አያመለክትም። ትክክለኛነት የሚረጋገጠው በተለየ ምርመራ ነው። ለምሳሌ የስዊዘርላንድ የክሮኖሜትር መርማሪ ተቋም የሚሞላ የእጅ ሰዓት ማሽን በቀን በአማካይ ከ4 ሰከንድ በላይ ወደኋላ እንዳይቀር፣ ከ6 ሰከንድ በላይም እንዳይቀድም ይጠይቃል።

በመሆኑም ሰዓትም ሆነ ተመሳሳይ ዕቃ የሚገዛ አካል በአገር ስም ላይ ብቻ ከመመሥረት ይልቅ የማሽኑን ዓይነት፣ ውኃ የመቋቋም ደረጃውን፣ የዋስትና ጊዜውንና የመለዋወጫ አቅርቦቱን በዝርዝር መስፈርት አስቀምጦ ማረጋገጥ ይኖርበታል።