ዘጠና ዓመት የተጠበቀ ዋንጫ

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማምሻውን፣ ብራስልስ ከተማ ፎሬ በሚባለው ሰፈር፣ ከዘጠኝ ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሰው በሚይዝ አሮጌ ስታዲየም ውስጥ ዩኒየን ሳን ዢልዋዝ ጌንትን 3 ለ 1 አሸነፈና የቤልጂየም ሻምፒዮን ሆነ። ክለቡ ከዚያ በፊት ይህን ዋንጫ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። የጊዜውን ርዝመት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት አንድ ነገር ማንሣት ይበቃል። አራዳ ላይ የተሰባሰቡ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሠረቱት በዚያው በ1935 ማለቂያ ነው። የአገራችን አንጋፋ ክለብ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ዋንጫ ቆጥሮ የማይጠግብ ባለታሪክ እስኪሆን ድረስ በነበረው ዘመን ሁሉ ዩኒየን አንዲት የሊግ ዋንጫ አላገኘም ማለት ነው።

ብራስልስ የሚኖር ሐበሻ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ ብዙውን ጊዜ አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ነው የሚያተኩረው፤ አዲስ አበባ ያለው ዘመዱም እንዲሁ። የዩኒየን ታሪክ ግን ለስደተኛ ጆሮ የቀረበ ነው። በዋንጫው ውስጥ የእንግሊዝ ገንዘብና ስሌት፣ የአርጀንቲና ተከላካይ፣ የካናዳ አጥቂ፣ የሉክሰምበርግ ግብ ጠባቂ አሉበት። ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነገር በአንድ ሰፈር አፈር ላይ እንዴት በቀለ? ብራስልስ ነዋሪ የሆነውን የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ ወደ ጉዳዩ የሳበው ይህ ጥያቄ ነው።

ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1897 ሳን ዢል በሚባለው የብራስልስ ክፍል ነው። በ1904 እና በ1935 መካከል አሥራ አንድ ጊዜ የቤልጂየም ሻምፒዮን ሆኗል። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ያከታተላቸው በ1933፣ በ1934 እና በ1935 ሲሆን በእነዚያ ዓመታት ስድሳ የሊግ ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ አልፏል። የቤልጂየም ሰው እስከ ዛሬ ያንን ቡድን «ዩኒየን 60» ይለዋል። ያን ጉዞ የገታው ሌላው የከተማው ክለብ ዳሪንግ ነበር። የሁለቱ ፉክክር ከሜዳ አልፎ ወደ ቴአትር ገብቷል፤ በ1938 ለመድረክ የበቃው «ቦስማንስ ኤ ኮፕኖል» የተባለው ተውኔት የዩኒየንና የዳሪንግ ደጋፊዎችን የሚያሳይ ሲሆን ብራስልሶች ዛሬም ይወዱታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ዩኒየን በ1973 ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ ወርዶም ለ48 ዓመታት ሳይመለስ ቀረ። በታችኛዎቹ ዲቪዚዮኖች ሲዋትት ጎረቤቱ አንደርሌክት አውሮፓን ያስጨንቅ ነበር። የሰፈሩ ልጆችም ወደ አንደርሌክት ማየታቸው አይፈረድባቸውም። ዩኒየን ጋ የቀሩት አባቶቻቸው ያወረሷቸውን ሻርፕ ከአንገታቸው ማውለቅ ያልሆነላቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ቶኒ ብሉም ክለቡን ገዛ። የእንግሊዙ ክለብ የብራይተን ባለቤት የሆነው ይህ እንግሊዛዊ ሀብቱን ያፈራው በውርርድ ነው፤ ቁጥር የሚያሰሉ ሰዎችን ቀጥሮ የጨዋታን ውጤት ከሌላው በተሻለ መገመት የሚችል ድርጅት አለው። በዚያው ድርጅት ይሠራ የነበረው አሌክስ ሙዚዮ የዩኒየን ሊቀ መንበር ሆነ። በ2023 ብራይተንና ዩኒየን ሁለቱም ወደ አውሮፓ ውድድር ሲገቡ አንድ ሰው ሁለቱንም መቆጣጠር ስለማይፈቀድለት ብሉም ድርሻውን ቀንሶ ሙዚዮ ዋናው ባለቤት ሆኗል።

ያመጡት ዘዴ ሲነገር ቀላል፣ ሲሠሩት ከባድ ነው። ትልልቆቹ ክለቦች ከሚሻሙባቸው ሊጎች ይልቅ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሊጎች ላይ የሚጫወቱትን በመረጃ መዝኖ፣ ዋጋቸው ሳይንር መግዛት ነው። ዴኒዝ ኡንዳቭ የተገኘው ከጀርመን ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ሜፐን ከሚባል ክለብ ነው። ዩኒየን በ2021 ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ካደገ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው እሱ ነበር፤ በኋላ የጀርመንን ብሔራዊ ቡድን መለያ ለብሷል። ቪክተር ቦኒፌስ ከኖርዌይ መጣ፤ ከዩኒየን ወጥቶም ከሌቨርኩዘን ጋር ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ካኦሩ ሚቶማ ብራይተን ላይ ተከላካይ ሲያሸብር ያየው የእኛ አገር ተመልካች ብዙ ነው፤ በአውሮፓ የመጀመሪያ ዓመቱን ያሳለፈው ግን በውሰት ዩኒየን ነው። ሲሞን አዲንግራም በውሰት ዩኒየን ተጫውቷል። በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ናይጄሪያን ላሸነፈችው ኮትዲቯር ሁለቱንም ግቦች አመቻችቶ ያቀበለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ገንዘብ ያለው የውጭ ሰው ክለብ ሲገዛ የመጀመሪያ ሥራው ብዙ ጊዜ ስሙን፣ ቀለሙን ወይም ሜዳውን መለወጥ ነው። ዩኒየን ላይ ይህ አልሆነም። ቢጫና ሰማያዊው እንዳለ ነው። ጆሴፍ ማሪየን ስታዲየምም እንዳለ ነው።

ስታዲየሙን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከመንገዱ ዳር የሚታየው ፊቱ በ1920ዎቹ የተሠራ ነው፤ የስፖርተኞች ምስል የተቀረጸበት ረጅም ግንብ ሲሆን የማያውቅ ሰው ትምህርት ቤት ወይም የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሊመስለው ይችላል። ከጀርባው ዱደን የተባለው መናፈሻ ሽቅብ ይወጣል፤ ዛፎቹ ከሜዳው በላይ ቆመው ይታያሉ። ከዋናው ትሪቡን ትይዩ ያለው ወገን ወንበር የለውም፤ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው፤ ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ ከመጣ ይመታል። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ካታንጋ ለለመደ ሰው እዚያ መቆም እንግድነት የለውም። ተጫዋቹ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲመጣ ትንፋሹ ይሰማል። ጎን ለጎን የቆሙት አንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዱ በፍላሚሽ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ይጮኻሉ፤ ፖርቱጋልኛና ዐረብኛም አይጠፋም። በቋንቋ በተከፋፈለች አገር፣ ግማሽ ነዋሪዋ ከሌላ ቦታ በመጣባት ከተማ፣ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ዋንጫው ግን እንዲህ በቀላሉ አልመጣም። በእነዚህ ዓመታት የቤልጂየም ሊግ ብዙ ቦታ የማይለመድ ሕግ ነበረው። ክለቦቹ መጀመሪያ መደበኛውን ዙር ይጫወቱ ነበር፤ ከዚያ ከላይ ያሉት ለብቻቸው ፕሌይ ኦፍ ይገባሉ፤ ሲገቡም ያገኙት ነጥብ ለሁለት ይካፈል ነበር። ዓመቱን ሙሉ የለፋ ክለብ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ግማሽ ነጥቡ አይኖርም ነበር። ይህ ጽሑፍ ሕጉን ፍትሐዊ ነበር አይልም፤ ዩኒየንን ሲጎዳም ሲጠቅምም ያው ነው።

መጀመሪያ የጎዳው ዩኒየንን ነበር። ባደገበት ዓመት፣ በ2021–22፣ መደበኛውን ዙር በመሪነት ጨረሰ፤ በፕሌይ ኦፉ ክለብ ብሩዥ ቀደመው። በቀጣዩ ዓመት የሆነው ደግሞ ለመናገር ያማል። ሰኔ 4 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ በመጨረሻው ቀን፣ ዩኒየን በገዛ ሜዳው ብሩዥን 1 ለ 0 እየመራ ነበር፤ እስከ 89ኛው ደቂቃ። ውጤቱ ቢጸና ሻምፒዮን ነበር። በቀሩት ደቂቃዎች ሦስት ጎል ገባበት። በዚያው ሰዓት ጌንክ ላይ የአንትወርፑ ቶቢ አልደርዌይረልድ በ94ኛው ደቂቃ ከሩቅ መትቶ አስቆጠረና ዋንጫው ወደ አንትወርፕ ሄደ። ዩኒየን ሦስተኛ ሆነ።

በ2023–24 ዩኒየን የመደበኛውን ዙር ሠላሳ ጨዋታ በ70 ነጥብ ጨረሰ። ብሩዥ አራተኛ ነበር፤ 51 ነጥብ ይዞ። የአሥራ ዘጠኝ ነጥብ ልዩነት! ሲካፈል 35 ለ 26 ሆነ፤ ፕሌይ ኦፉ ሲያልቅ ደግሞ ብሩዥ 50፣ ዩኒየን 49። በአንድ ነጥብ። በዚያ ዓመት ዩኒየን አንትወርፕን 1 ለ 0 አሸንፎ የቤልጂየም የጥሎ ማለፍ ዋንጫን መውሰዱ እንባውን በመጠኑ አብሶለታል፤ ከ1914 ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና።

ብዙ ክለብ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ዩኒየን በየዓመቱ አሠልጣኝ ይወሰድበታል፣ አጥቂ ይሸጥበታል፤ ፌሊቼ ማዙ ሄደ፣ ካሬል ጌራርትስ ሄደ፣ አሌክሳንደር ብሌሲን ሄደ። በ2024 ክረምት የመጣው ሴባስቲያን ፖኮኞሊ ነው። ለቤልጂየም ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ተከላካይ ነበር፤ የሊዬዥ ልጅ ሲሆን የቤተሰቡ ሥር ከጣልያን ነው። ከታዳጊ ቡድኖች ወጥቶ ትልቅ ክለብ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። አጥቂዎቹም አዲስ ነበሩ። ክሮኤሽያዊው ፍራንዮ ኢቫኖቪች ከሪዬካ መጣ። ካናዳዊው ፕሮሚስ ዴቪድ ደግሞ ማልታንና ክሮኤሽያን አዳርሶ ከኢስቶኒያ ሊግ ነው የተወሰደው። ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ኢስቶኒያ ላይ የሚጫወት አጥቂን በአንድ ዓመት ውስጥ የሻምፒዮን ቡድን ግንባር ማድረግ ዕድል ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ኡንዳቭንና ቦኒፌስን ያስታውስ።

ከኋላ የነበሩት ግን ነባሮች ነበሩ፤ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገርም ይሄ ነው። ግብ ጠባቂው አንቶኒ ሞሪስና እንግሊዛዊው ተከላካይ ክርስቲያን በርጀስ የመጡት በ2020፣ ክለቡ ገና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሳለ ነው። ያን የ89ኛ ደቂቃ ቀንም፣ ያን የአንድ ነጥብ ቀንም ሜዳ ላይ ሆነው አይተዋል። በርጀስ ከፖርትስማውዝ መጥቶ ብራስልስ ላይ የደጋፊው ልብ ሆኗል። አርጀንቲናዊው ኬቨን ማካሊስተር የሊቨርፑሉ አሌክሲስ ወንድም ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያው በ2025 ጸደይ፣ አንዱ የእንግሊዝን አንዱ የቤልጂየምን ሊግ አሸንፈዋል። አማካዩ ኖኅ ሳዲኪ ደግሞ ብራስልስ ተወልዶ፣ አንደርሌክት ሠልጥኖ፣ ለዲሞክራቲክ ኮንጎ ብሔራዊ ቡድን የሚጫወት ነው። ብራስልስ የሚወለዱ የሐበሻ ልጆች ራሳቸውን ሊያዩበት የሚችሉት ተጫዋች እንዲህ ያለው ነው።

በ2024–25 ሠላሳው ጨዋታ ሲያልቅ ጌንክ 68፣ ብሩዥ 59፣ ዩኒየን 55 ነጥብ ነበራቸው። ሦስተኛ። ለዋንጫ ያጨው ሰው ጥቂት ነበር። ነጥቡ ሲካፈል ግን ከጌንክ ጋር የነበረው የ13 ነጥብ ርቀት ወደ 6 ወረደ። ዩኒየን ከዚያ በኋላ በተጫወታቸው አሥር ጨዋታዎች ዘጠኙን አሸነፈ፤ በአንዱ አቻ ወጣ። ከ30 ነጥብ 28። በዚያ ዓመት ደግሞ ሲያሳድድ የነበረው እሱ ነውና ሕጉ በተራው ደገፈው፤ በ56 ነጥብ ጨረሰ፣ ብሩዥ በ53። ጌንትን ካሸነፈ በኋላ ሕዝቡ ወደ ሜዳ ፈሰሰ። ከ1935 ጀምሮ የጠበቀ ሰው በሕይወት ቢገኝም ጥቂት ነው፤ አባቱና አያቱ ሲጠብቁ ያየ ግን ሞልቷል።

ሥር የሰደደ ነገር ነው ወይስ እንግሊዞቹ ሲሄዱ አብሮ የሚሄድ? ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዋንጫው በኋላ ኢቫኖቪች ወደ ቤንፊካ፣ ሳዲኪ ወደ ሰንደርላንድ ሄዱ፤ ጥቅምት ላይ ፖኮኞሊን ሞናኮ ወሰደው። ጆሴፍ ማሪየን የአውሮፓን መመዘኛ ስለማያሟላ ዩኒየን በ2025–26 የቻምፒየንስ ሊግ የሜዳው ጨዋታዎቹን ያደረገው በተቀናቃኙ በአንደርሌክት ሜዳ ነው፤ እዚያው ፎሬ ውስጥ ሊሠራ የታሰበው አዲስ ስታዲየም ደግሞ በፈቃድ ጉዳይ ሲጓተት ቆይቷል። ይህ ጸሐፊ ግን ሥር ሰዷል ባይ ነው። አሠልጣኝ ቢቀየር፣ አጥቂ ቢሸጥ፣ ተጫዋች የሚመረጥበት መንገድ ሳይቀየር ነው የቀረው፤ ደጋፊውም ከዚያው ሜዳ አልተነቀለም። መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ዩኒየን በታሪኩ የመጀመሪያውን የቻምፒየንስ ሊግ ዋና ውድድር ጨዋታ አይንድሆቨን ላይ አድርጎ ፒ.ኤስ.ቪን 3 ለ 1 አሸንፏል።

የእኛ ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ ሁለት ጨዋታ ሲሸነፉ አሠልጣኝ ማባረርም ተለምዷል። የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢትዮጵያ ቡና፣ የፋሲል ከነማና የሌሎቹም አመራሮች ይህን ታሪክ ቢያጤኑት ይጠቅማቸዋል። ዩኒየን ሦስት ጊዜ ዋንጫው ከአፉ ሲነጠቅ መንገዱን አልለወጠም፤ ማንም ባላያቸው ሊጎች ውስጥ ልጅ መፈለጉንም አልተወም። በየክልሉ በየሜዳው የሚጫወቱትን ልጆች ተመልክቶ፣ መዝግቦ፣ አወዳድሮ የሚመርጥ ሁለት ሦስት ባለሙያ መቅጠር የብሉምን ሀብት አይጠይቅም። ከዚህ ይጀምሩ።