የማይታየው ፍሎራይድና የሀገራችን ድንጋይ

ከኦቾሎ ዓለት ላይ ቁልቁል ሲመለከቱት የአባያ ሐይቅ በደለል ቀልቶ ይታያል። በብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ያለው ፍሎራይድ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው፤ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ ጥርስን ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ዶክተር ዮናስ ጨቡዴ፣ ከማድሪድ ባልደረቦቻቸው ከእነ ኢዛቤል ዲያዝ ጋር ሆነው፣ መፍትሔውን በሀገራችን ድንጋይ ውስጥ ፈለጉ። ድንጋዩ ስቲልባይት የሚባል ባለ ቀዳዳ ዚዮላይት ነው። አውታሩ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ብቻውን ፍሎራይድን አይዝም። በፎስፌት ሲታከም ግን ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ካልሲየም ከፎስፌቱ ጋር ተዋሕዶ በገጹ ላይ ረቂቅ የሃይድሮክሲአፓታይት ክሪስታል ያበጃል፤ ፍሎራይዱን የሚይዘው ይኸው ነው። ጥናቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ2015 ደግሞ ቡድኑ ከኢትዮጵያ ካኦሊን ዚዮላይት ኤ መሥራቱን አሳወቀ።

ለእኛ ለመሐንዲሶች የተረፈው፣ ማጣሪያው በየመንደሩ ሲተከልና ሲጠግብ በማን እጅ እንደሚለወጥ መወሰን ነው።