በጊፋታ ሰማይ ላይ የማይታዩት አረፋዎች

በጊፋታ ሰሞን ክረምቱ ሲለቅ፣ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብላችሁ፣ የዳሞታን ተራራ ከጀርባ አድርጋችሁ ወደ አርባ ምንጭ አቅጣጫ ብትቆሙ፣ እንደመሸ የፍኖተ ሐሊብ መሃል ከፊት ለፊታችሁ ነው፤ ከግማሽ ሰማይ ትንሽ ከፍ ብሎ። ዓይን የሚያየው የነጣ ጭረት ብቻ ነው። ጋማ ጨረር ማየት ብንችል ኖሮ ግን ከዚያ ቦታ ግራና ቀኝ የተነፉ ሁለት ግዙፍ አረፋዎች እናይ ነበር። እያንዳንዳቸው ወደ 25,000 የብርሃን ዓመት ይረዝማሉ።

ጃፓናዊው ዮሺያኪ ሶፉዌ ገና በ1977 እ.ኤ.አ. በሰሜኑ ሰማይ የሚታወቀውን ትልቅ የራዲዮ ቅስት ከጋላክሲው መሃል የተነሳ ፍንዳታ የፈጠረው ነው ብሎ ነበር። ብዙዎቹ ግን ቅርባችን ያለ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው ባይ ነበሩ።

በ2004 ዳግላስ ፊንክባይነር በማይክሮዌቭ መረጃ ውስጥ፣ በጋላክሲው መሃል ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር አገኘ። ምናልባት የጥቁር ቁስ አካል ምልክት ይሆን? ፌርሚ ቴሌስኮፕ በ2008 ከመጠቀ በኋላ (ጋማ ጨረር ከባቢ አየራችንን አያልፍም፣ ከላይ ሆኖ ነው የሚታየው) ከሜንግ ሱና ከትሬሲ ስላትየር ጋር ሆኖ መረጃውን ሲመረምር፣ በ2010 የወጣው ነገር ጠርዙ ጥርት ያለ አረፋ ሆነ። ጥቁር ቁስ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠርዝ አያበጅም። ፈልገው ያላገኙት፣ ሳይፈልጉት ያገኙትን ያህል አይሆንም መቼም!

ታዲያ ማን ነፋቸው? አንዱ ወገን ሳጅታሪየስ ኤ ኮከብን ይከሳል፤ የ4 ሚሊዮን ፀሐዮች ክብደት ያለውን ጥቁር ጉድጓድ። ዛሬ ረሃብተኛ ነው፣ ብዙ ጋዝ በዋጠበት ዘመን ግን ኃይለኛ ፍንጥቅ ረጭቷል ይላሉ። ሌላው ወገን መሃሉ ላይ በብዛት ተወልደው የፈነዱ ኮከቦች ንፋስ ነው ይላል። በ2020 ኢሮሲታ ቴሌስኮፕ በኤክስሬይ ከነዚህም የሚበልጡ አረፋዎች አሳየ፤ ለሰሜኑ ቅስት በደቡብ በኩል አቻ ተገኘለት። የሶፉዌ ሐሳብ ያኔ ነፍስ ዘራ፤ የቅስቱ ርቀት ግን እስካሁን ያከራክራል።

እኔ ወደ ጥቁር ጉድጓዱ አደላለሁ። በ2022 የታተመ አንድ የኮምፒውተር ስሌት ፍንጥቁ የጀመረው ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሆኖ ለ100,000 ዓመታት ያህል ቆይቷል ይላል። አፋር፣ ጎና ላይ የተገኙት ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችም ዕድሜያቸው እዚያው አካባቢ ነው። ስሌቱ ልክ ከሆነ፣ ድንጋይ ጠራቢዎቹ በኖሩበት ዘመን ነው አረፋዎቹ መነፋት የጀመሩት።