ባቡር የሚያድርባት ከተማ

አያቴ ርቀትን በኪሎ ሜትር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። የእሷ መለኪያ አዳር ነበር። ጅቡቲ «የአንድ ቀን ባቡር» ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ «አዋሽ አድረህ በማግስቱ»። በእኔ እምነት የድሬዳዋ ታሪክ ከዚህ ከአዳሩ ተነጥሎ አይነገርም።

ከባቡር በፊት መንገዱ በሳምንታት ይቆጠር ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. የሶማሌን በረሃ በፈረስ አቋርጦ ሐረር የገባው በ20 ቀን ነው። በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ ሲመለስ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ዘይላ አደረሱት፤ 300 ኪሎ ሜትር ለሚሆን መንገድ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያ ሰው በየድንጋዩ ምን ያህል እንደተሰቃየ ማሰብ ይከብደኛል።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። የተራራው ወጪ ግን የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ከተራራው ግርጌ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆመ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ ቦታውን አዲስ ሐረር አሉት፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። የባቡሩ ኩባንያ በገንዘብ ችግር ተይዞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሐዲዱ የሚያልቀው እኛ ጋ ነበር፤ ከደጋው የሚወርደው ቡናና ቆዳ በግመልና በበቅሎ መጥቶ ባቡር ላይ የሚጫነውም እዚሁ።

መስመሩ ካለቀ በኋላም ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። 780 ኪሎ ሜትር ገደማውን በሦስት ቀን ይጨርሳል፤ አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ያድራል። አያቴ ለገሃር አጠገብ ሁለት ክፍል ታከራይ ነበር። ተሳፋሪው እንደወረደ የሚጠይቀው ውሃ ነው። ፊቱን ሲታጠብ ሳፋው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ደፍታ ደግማ ትቀዳለታለች። ከዚያ ራት፣ ከዚያ አልጋ፣ ሳይነጋ ሻይ። የከተማችንን ሰፈር ከዚራን የፈረንሳይ መሐንዲሶች ቀየሷት ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ያቆማት የዚያ ሌሊት ገንዘብ ጭምር ነው።

ዛሬ ከቦሌ ተነሥቶ እዚህ ለማረፍ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ማረፊያው በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም ይጠራል፤ ሐረርን የገዙት የራስ መኮንን ልጅ ናቸው፣ አባ ጤናም የፈረስ ስማቸው ነው። ስሙ በመቆየቱ ደስ ይለኛል። ፍጥነቱንም አልጠላውም፤ በጠና የታመመ ሰው በቀኑ አዲስ አበባ ሐኪም ፊት መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የተረፈው ሰዓት ከማን እንደተወሰደ ማንም አይጠይቅም። አውሮፕላኑ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ አናት ላይ ያልፋል። በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው። አሮጌው ባቡር ኤረር ሲደርስ ሴቶች ብርቱካን የሞላ ዘንቢል ወደ መስኮቱ ያነሡ ነበር፤ ተሳፋሪው ብሩን ጣል አድርጎ ይቀበላል፤ ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር መልስ ለመስጠት አብረው ይሮጡ ነበር። ስለ አሮጌው ባቡር መቅረት ሲጻፍ የሐዲዱ ማርጀትና የኩባንያው ኪሳራ ይነሣል። የእነዚያ ሴቶች ገቢም እዚያው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።