ከሥራ በኋላ ስለ ማረፍ

ከመሥሪያ ቤት ደክሞ የተመለሰ ሰው ዕረፍት ይሻል። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ዐይናችንን በእጅ ስልክ ላይ ተክለን ስለምናመሽ፥ ድካማችን ሳይለቀን ይነጋል።

አባቶቻችን በምን ያርፉ እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት፥ የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ በመኳንንታቸው መካከል ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳገኛቸው ጽፏል። በዙሪያቸው የነበሩትም፥ ዝቅ ያለ ማዕርግ ያለው እንኳ ሳይቀር፥ ስለ ጨዋታው የመሰላቸውን በነጻነት ይናገሩ ነበር። በጥንቱ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም ነበር፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ይህም «ወረራ» ይባላል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን እጅና ፊት ነቅቶ መመልከት ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ለራስ ወልደ ሥላሴ ዕረፍት ማለት ማዕርግን ለጊዜው ረስቶ ከሰው ጋር መጫወት ነበር። እርስዎም ዛሬ ማታ ስልክዎን በሌላ ክፍል ያኑሩና ልጅዎን ከፊትዎ አስቀምጠው ገበጣ ይጫወቱ። ገበጣው ባይኖር፥ መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር መልቀም ይበቃል። ቢሸነፉም፥ አርፈው ያድራሉ።