በብር ላይ ያለው ፊርማ

የአገራችን ሰው ብር ሲቀበል ስንት እንደሆነ ይቆጥራል፤ ፎርጅድ እንዳይሆንም ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። እኔ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱንና የባንኩን ገዥ ፊርማ ሳላይ ኪሴ አልከተውም። ባለሱቆች «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ይላሉ፤ ይበሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። መልካቸው ያለበት ገንዘብ ግን ሁለት ዓመት ያህል ዳቦ ሲገዛ ቆየ። ደርግ አዲሱን ገንዘብ ያወጣው በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል የነበረው ያን ጊዜ በእንግሊዝኛም ብር ተባለ፤ በእኛ አፍ መቼም ቢሆን ብር ነበር። በኖቶቹ ላይ የሰፈረው ዓመት 1969 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እየታተሙ የወጡትም ይህንኑ ዓመት እንደያዙ ቀሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ ብሩ አሁንም 1969 ይላል! እንግዲህ የኖቱን ዕድሜ የሚናገረው ፊርማው ነው። ታደሰ ገብረ ኪዳን፣ በቀለ ታምራትና ለይኩን ብርሃኑ በየተራቸው በዚያው በ1969 ሥር ፈርመዋል። ዓመተ ምሕረቷ የደርግ ሆኖ ፊርማዋ የለይኩን የሆነች አንድ ብር የታተመችው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ይህን ሳያውቁ ስንቶች በእጃቸው አሳልፈዋታል!

ከዚያ በፊትም ፊርማው ብዙ ይናገር ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ባንክ ገንዘብ የጃንሆይ መልክ ያለበት ቢሆንም ፈራሚው ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ቆይቶ መናሴ ለማ ሲፈርሙ ፊርማው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ገንዘብ ያዥ ሁሉ ይህን ልብ ብሎ ይሆን? አይመስለኝም።

እነዚህ ኖቶች የጠፉት በሁለት መንገድ ነው። ትልልቆቹን የብር ለውጥ በላቸው። በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ እኛም ኖታችንን ለወጥን፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብር ተለውጠው ሁለት መቶ ብር ተጨመረ። ሁሉም ወደ ባንክ ሮጠ፤ ማን መቶ ብር ለታሪክ ብሎ ያስቀራል? ትንሿን የበላት ግን እጃችን ነው። በአንድ በኩል የልጅ መልክ፣ በሌላው ጢስ ዐባይ ያለባት አንድ ብር ከታክሲ ረዳት ወደ ጉልት፣ ከጉልት ወደ ምጽዋት ስትዞር ላብና ቅቤ ጠጥታ አለቀች። ሳንቲሙ ሲመጣማ ማንም አልፈለጋትም። ስለዚህ ንጹሕ አንድ ብር የያዘ ሰው የዋዛ ነገር አልያዘም።

ከ1989ኞቹ ወዲህ በኖቱ ላይ የእኛም የፈረንጁም ዓመት አብረው ይታተማሉ። በ2013 ለውጥ ያልተነካችውን አምስት ብር እፍኝ ያህል ሰብስቤ ስዘረጋ የተለያየ ዓመት አገኝ ነበር። ከመካከላቸው ጠርዙ ያልተበላውን እመርጣለሁ። የተቀደደውን በፕላስተር አልለጥፍም፤ የቆሸሸውንም አላጥብም፣ አልተኩስም። የታጠበ ኖት ከቆሸሸው ይልቅ ዋጋው ይወድቃልና። በጠፍጣፋ መጽሐፍ መካከል ማስቀመጥ ይበቃል።